ቆሜ የተለካሁት ሱሪ

ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ በሩ ሥር የቆመውን እንዳትገፉት። ሰው አይደለም፣ ሱሪዬ ነው። ከኋላው ምስማር አለ ብላችሁ አትፈልጉ፤ አልተንጠለጠለም፣ ራሱን ችሎ ነው የቆመው። ጎረቤቴ ጠዋት ጨው ልትበደር መጥታ እንደምን አደሩ ብላው፣ መልስ ብታጣ ጊዜ ተቀይማ ተመልሳለች። እዚያች ሳጥን ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ላውራችሁ፤ ካለፈው እሑድ ወዲህ ቆሞ ማውራት ለምዶብኛል። ምክንያቱን ስጨርስ ታውቁታላችሁ።

ሰው ስለ ጭንቅላቱ ብዙ ይጨነቃል። ሞተር የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሄልሜት ገዛህ ወይ ተብሎ ነው። ትራፊኩም የሚያየው ጭንቅላትህን ነው፤ እናትህም የምትሳለው ስለ ጭንቅላትህ ነው። የእኔ ጭንቅላት ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥዬ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ሥራ የለበትም። የሚያበላኝ እግሬ ነው። ማርሽ የሚቀይረው እግር፣ ፍሬን የሚይዘው እግር፣ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ወርዶ የሚገፋው እግር። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራ አካል በአንዲት ስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ሲበር ይውላል። የጮቄ ተራራ ንፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጭንቅላት እንደ ንጉሥ የራስ ቁር ደፍቶ፣ እግር እንደ ሎሌ ራቁቱን። ይህ ፍርድ ነው?

እኔ የምነዳው ከደብረ ማርቆስ ነው። ወደ አማኑኤልም፣ ወደ ደምበጫም፣ ወደ ደብረ ኤልያስም፣ የጠራኝ ካለ እሄዳለሁ። ሰውም አደርሳለሁ፣ ዕቃም አደርሳለሁ። መድኃኒት፣ የሞባይል ስክሪን፣ የሠርግ መጥሪያ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ዶሮና አንድ ዲያቆን ባንድ ላይ ጭኛለሁ። ሽቅቡ ላይ ስንደርስ ከአራቱ የጮኸው ዲያቆኑ ብቻ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከደብረ ኤልያስ ስመለስ ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እንደ በቆሎ ፍሬ ተንከባለለና ወደቅሁ። ትልቅ አወዳደቅ አልነበረም። ሞተሩ ደኅና ነው፣ እኔም ደኅና ነኝ፤ የግራ ጉልበቴ ቆዳ ብቻ ከሱሪዬ ጋር አብሮ መንገዱ ላይ ቀረ። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አጎቴ አያ ሞላ ነው፣ ቁስሉን ያጠበልኝ እሱ ስለሆነ። ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ማናት? ትርንጎ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ ናት። ኮፒ የሚያስፈልገው ወረቀት ሳይኖረኝ አንድ ዓመት ሙሉ ኮፒ አስደርጌያለሁ። የመንጃ ፈቃዴ ኮፒ ብቻ ፍራሼ ሥር አንድ ክምር ይሆናል። በመጨረሻ እሷው ራሷ፣ ይህን ወረቀት ከምትጨርስ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ አለችኝ። ላክሁ። አያ ሞላ ሁለት ሰው አስከትሎ አማኑኤል ሄደ።

አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ከአማኑኤል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው ቤታቸው። ለዜማና ለመቋሚያ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ከነገር ሁሉ የሚጠሉት ግን ሞተር ነው፤ ምክንያትም አላቸው። የእኅታቸው ልጅ አምና ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ እስካሁንም እቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ታዲያ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ፣ አያ ሞላ ቃል በቃል እንደነገረኝ፣ ይህ ነበር፦ «አንድ የተሰበረ እግር ቤቴ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛ አላስገባም። ልጁ ራሱ ይምጣ፣ እግሩን ልየው። የሚጠነቀቅለት ሰው ከሆነ እንነጋገራለን። ካልሆነ ግን ልጄን ለአስታማሚነት አላሳደግኋትም።»

ሽማግሌ ተልኮ ልጁ ራሱ ለምርመራ የሚጠራበት ደንብ በየትኛው አገር አለ? አያ ሞላም እንዲሁ ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። መሪጌታ ግን ደንቡ የወጣው ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነው ብለው ዘጉት። ቀኑም ተቆረጠ፤ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

እኔ ይህን ስሰማ ማልቀስ ሲገባኝ ደስታዬ ልክ አጣ። ለምን ብትሉኝ፣ መልሱ ታየኝ። የሚጠነቀቅ ሰው ምን ይለብሳል? ለሞተር የተሠራ ሱሪ ይለብሳል። ጉልበቱ ላይ መከላከያ ያለው፣ ሲወድቁ የማይቀደድ፣ ገና ሲያዩት «ይህ ሰው ነገን ያስባል» የሚያሰኝ ሱሪ። የቀረኝ ሱሪውን መፈለግ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። አለ። ከውጭ የመጣ፣ ጥቁር፣ ጉልበቱና ዳሌው ላይ ኪስ ኖሮት ኪሱ ውስጥ መከላከያ የተሰካበት ሱሪ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ባለሱቁ አውርዶ ሰጠኝና ወንበር ሳበልኝ። ተቀምጠህ ሞክረው፣ ሞተር ላይ ቆመህ አትሄድም፤ ስትቀመጥ ጉልበቱ ላይ ያለው መከላከያ ቦታውን ከለቀቀ ምንም አይጠቅምህም አለኝ። ይህን ምክር በነጻ ነበር የሰጠኝ፤ በነጻ ስለሆነም መሰለኝ አልሰማሁትም። እኔ የሰማሁት ዋጋውን ነው። እኔ ዋጋ የምለካው በበግ ነው፤ ሱሪው ሦስት በግ ነበር፣ ያውም የትንሣኤ ሰሞን በግ። በቀስታ አጣጥፌ መለስኩለት። ደግሞስ ይህ ሱሪ እንደ ጥይት ለሚበሩት የተሠራ ነው። የእኔ ሞተር አያ ሞላን ጭና ሽቅብ ስትወጣ አህያ ቀድሟት ያውቃል።

ከዚያ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄድኩ። ልጁ ወፍራም ጂንስ አንሥቶ በሁለት እጁ ወጠረና ጂንስ ይበቃሃል፣ ፈረንጆቹም በጂንስ ነው የሚነዱት አለኝ። ዋጋው አንድ ዶሮ ነው፤ ያውም ቄብ። ገዛሁት። ገዝቼ ግን ልቤ አላረፈም። ሻጭ የተናገረውን ሁሉ አምኜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሦስት የማይሠራ ሞባይል ሳይሆን ሰባት ይኖረኝ ነበር። ነገር በሙከራ ነው። ጂንሱን ጭድ ጠቀጠቅኩበት፣ ወገቡንና ቁርጭምጭሚቱን በገመድ አሰርኩ፣ ከሞተሬ ኋላ አስሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ጎተትኩት።

እስቲ ከመንገድ ዳር ሆናችሁ አስቡት። አንድ ጎረምሳ በሞተር ይመጣል። ከኋላው ሁለት እግር አቧራ ለአቧራ እየተንፈራገጠ ይከተለዋል። አንዲት ውኃ ያዘለች ሴት ጀሪካኗን ጥላ ጮኸች። ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች ዱላቸውን አስቀድመው መንገዱን ዘጉት። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ጂንስ ነው፣ ውስጡ ጭድ ነው፣ ለጉልበቴ ብዬ ነው እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ሲፈራ አማርኛው እንዴት እንደሚበላሽ ታውቃላችሁ። ከመካከላቸው አንድ አባት ቀረብ ብለው ጭዱን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና፣ ዓይኔን እያዩ፣ «የላይኛውስ?» ብለው ጠየቁኝ።

የሙከራው ውጤት ይህን ይመስላል፤ ጂንሱ መቶ እርምጃ ሳይሞላ ጉልበቱ ተከፈተ፣ ጭዱም ወጣ። ጭዱ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። በማግሥቱ የጭነት መኪና ሸራ ቁራጭ አግኝቼ እሱንም እንደዚያው ጎተትኩት፤ በዚህ ጊዜ ቀድሜ የመንገዱን ሰው ሁሉ አስፈቅጄ ነው። ሸራው ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ተጎትቶ አቧራ ብቻ ይዞ ተመለሰ። ደስ አለኝ። ግን ሸራ ቆዳን ያድናል እንጂ አጥንትን ምን ያደርግለታል? ጉልበት ላይ ጠንካራ ነገር፣ ከጠንካራው ሥር ደግሞ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ። ይህን ሥራ የት አይቼዋለሁ እያልኩ ደምበጫ ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ አንድ ፈረስ ከነኮርቻው ፊቴ ቆመ።

ኮርቻ ነዋ። ከላይ እንጨትና ቆዳ፣ ከሥር ለስላሳ ድልድል። አያቶቻችን ይህን ነገር ለፈረስ ጀርባ አስበው ሲሠሩ፣ ለሰው ጉልበት ማን ይከለክለኛል? በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ በሞተር ታሪክ ውስጥ የተሰማው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ሮጬ ኮርቻ ሠሪው ጋ ሄድኩ።

ጋሽ ጥሩነህ ይባላሉ። ገበያው ዳር ተቀምጠው ቆዳ ሲሰፉ የኖሩ፣ እጃቸው ራሱ ቆዳ የሆነ ሰው ናቸው። ሱሪ ሰፍተው አያውቁም። ነገሩን ሳስረዳቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ወዳቂው ማነው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ተነሡና አንድ ጊዜ ዞሩኝ። ጭኔን መታ መታ አደረጉ፣ ወገቤን ተጫኑ፣ ጥርሴን ገልጠው ለማየት ትንሽ ቀራቸው። ከዚያ ገመድ አውጥተው ቁም፣ ቁም እያሉ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለኩኝ። ሳል መጣብኝና ብነቃነቅ፣ ሳያስቡት መሰለኝ፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው እሽሽ አሉኝ። እኔም፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ፀጥ አልኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሱሪው ደረሰ። ጨርቁ የጭነት መኪና ሸራ ነው። መቀመጫው ወፍራም የበሬ ቆዳ ነው። ጉልበቱ ላይ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ጎባጣ ፕላስቲክ አለ፤ ከሥሩ የፍራሽ ስፖንጅ ተደርቧል። ፕላስቲኩን ከውጭ ያደረጉት አስፋልት ላይ እንዲያንሸራትተኝ ብለው ነው፤ እንግዲህ ይህ እኔ ያላሰብኩት ጥበብ ነው። የግራው ጉልበት ላይ «20 ሊትር» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ቀርቷል። ወገቡ እስከ ጎድን አጥንቴ ይደርሳል፤ የሚታሰረውም ከኋላ ነው፣ በጠፍር፣ ልክ እንደ ኮርቻ። ራስን በራስ መፍታት የለም። ዋጋው አንድ ግልገል። እኔም ገና ሳየው ወደድኩት።

ለበስኩት። አምሮብኛል። ልሄድ አንድ እርምጃ ተራመድኩና ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ጋሽ ጥሩነህ፣ ጉልበቱ አይታጠፍም እኮ አልኳቸው። እሳቸው በጣም ተገረሙ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ የተለካ ደንበኛ አላጋጠመኝም አሉኝ። ደንበኞቻቸው እነማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ፈረስና በቅሎ መቼ ይቀመጣል? አይዞህ፣ ቆዳና ሸራ ነው፣ ሁለት ወር ከለበስከው ይላላል አሉና አጽናኑኝ። የእኔ ቀጠሮ ግን የሚቀጥለው ጠዋት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን የድሮ ሱሪውን ለብሶ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት፣ መሪጌታ ደጃፍ ላይ በዚያ ሱሪ ቆሜ ስታይ ነው። እንዴት ይቅርብኝ?

እሑድ ጠዋት አያ ሞላ ጠፍሩን ከኋላዬ ሳበልኝ፤ ጉልበቱን ወገቤ ላይ አስደግፎ ነው የሳበው። ከዚያ ወጣን። መቀመጥ ስላልቻልኩ ሞተሩ መርገጫ ላይ ቆሜ ነዳሁ፤ ማርሹንም ፍሬኑንም በቁርጭምጭሚቴ ብቻ። አያ ሞላ ከኋላዬ ተቀምጧል፤ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። እኔ ቆሜ እሱ ተቀምጦ ስንሄድ ፊቱ በየት በኩል እንደሚውል አስቡት፤ እኔ አልናገርም። እስከ አማኑኤል ድረስ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ ነበር፤ አንተ ልጅ ቁጭ በል፣ አላፊ አግዳሚው ምን ይለናል ይለኛል። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው መንገድ እየለቀቀ እጅ ይነሣን ነበር። ቆሞ የሚሄድ ሰው ባለሥልጣን ይመስላል መሰለኝ። እኔም በግራና በቀኝ እጅ እየነሣሁ አለፍኩ።

ከመግባታችን በፊት ትርንጎ አጥሩ ጋ አገኘችን። ቅዳሜውን ከማርቆስ ወደ ቤተሰቦቿ መጥታ ነበር። ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው። አንድ ምክር ብቻ ሰጠችኝ። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ ካለፈው ስቅለት ስግደት ወዲህ አልተሻለውም፤ ስትስመው ቀስ ብለህ ሳመው፣ እንዳትጫነው አለች። እሺ አልኩ። እሺ ስል ነው ነገሩ የታየኝ። ጉልበት መሳም። የሰውን አባት ጉልበት የሚስም ሰው ምን ማድረግ አለበት? መታጠፍ አለበት።

መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው ከጎናቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ይርገዱ በጓዳው በር ቆመዋል። የተሰበረው የእኅት ልጅ ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ እኔን ያየኛል፤ የእሱና የእኔ አረማመድ አንድ ዓይነት ነበር። አያ ሞላ ጎንበስ ብሎ ሰላምታውን አደረሰ። ተራው የእኔ ሆነ። ጉልበቴን አዘዝኩት። እንቢ አለ። ወገቤን አዘዝኩት፤ ወገቤም በሸራ ውስጥ ነው። ትንሽ ዘመም ብል ይበቃል ብዬ ወደፊት አዘነበልኩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው በእኔ ፈቃድ አይደለም። እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ከመደቡ ሥር አንድ ጠፍጣፋ የእግር ማረፊያ ድንጋይ አለች። ሁለቱ ጉልበቶቼ እሷ ላይ አረፉ። ቋ አለ።

እትዬ ይርገዱ ስመ ሥላሴን ጠሩ። መሪጌታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉና አንተ ልጅ፣ ተሰበርክ አሉኝ። እኔ ደግሞ አጋጣሚውን አገኘሁ ብዬ ከመሬት ሳልነሣ በኩራት፣ ምንም አላመመኝም የኔታ፣ አንድም ነገር አልተሰማኝም አልኳቸው።

የማይባለውን ነው ያልኩት። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። ቀኝ ጉልበቴን መቱ፤ ቋ። ግራውን መቱ፤ ቋ። ጎንበስ ብለው «20 ሊትር» የሚለውን አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩና፣ በዚያ ማኅሌት በሚመሩበት ድምፅ፣ «ሁለቱም እግሮች የሉም፤ ሰው ሠራሽ ናቸው» አሉ።

የለም፣ እውነተኛ እግር ነው፣ ውስጥ ነው ያለው እላለሁ። እሳቸው አይዞህ ልጄ፣ አልፈርድብህም፣ መደበቅህ ብቻ ነው የከፋኝ ይላሉ። እትዬ ይርገዱ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የጭድ ሰው በሞተር ጎተተ የተባለው አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ወሬው አማኑኤል ደርሷል። አዎ ስላቸው፣ ይኸው ጤናውም የለም ብለው ለቅሷቸውን አባሱ። ከደጃፍ ያ የተሰበረው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የእኔው ይሻላል እኮ፣ የእኔ ቢያንስ ያመኛል አለ። ከጓዳው ጨለማ የትርንጎ ዓይኖች ብቻ ይታዩኛል። ልጅቷ ስታመልጠኝ ታየችኝ፤ ያውም ሁለት ጤነኛ እግር ይዤ።

ሱሪውን ማሳየት ዋጋ የለውም፣ እግሩን ማሳየት ነው ያለብኝ። ግን እንዴት? እግሩን ወደ ላይ ለመጠቅለል ብሞክር ሸራው አልጠቀለል አለ። ማውለቅ አለብኝ። በአማቶች ፊት፣ ገና አማት ባልሆኑበት ቀን፣ ሱሪ የሚያወልቅ ሰው ታይቶ ይታወቃል? አያ ሞላ ነገሩ ገባው። እንደ በርሜል አቁሞ አዞረኝና ከበሩ ጀርባ ወሰደኝ፤ መሪጌታም ጋቢያቸውን ወርውረውልን ተመልሰው መደባቸው ላይ ተቀመጡ። ጠፍሩን ለመፍታት ሁለት እጅ አልበቃውም፣ በጥርሱ ጨመረበት። እየፈታ በጆሮዬ፣ ሰው ሚስት ለማግባት ስንት ያያል፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኮርቻ አወልቃለሁ አለኝ። በመጨረሻ ወጣሁ። እኔ ወጣሁ፤ ሱሪው እንደቆመ ቀረ።

ጋቢውን አገልድሜ ተመለስኩና በገዛ ጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሳልጫን፣ የመሪጌታን ጉልበት ሳምኩ። እፎይ ብዬ ቀና ስል ዓይናቸው የት እንዳለ አየሁ። ጋቢው ሸሽቷል። የግራ ጉልበቴ ላይ ያ የደብረ ኤልያስ ጠጠር የተወው ጠባሳ፣ ገና ቀይ እንደሆነ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህስ ምንድን ነው አሉኝ።

ኳስ ልል እችል ነበር። ልጅነት ልል እችል ነበር። እንደኔ ያለ የመንገድ ልጅ ውሸት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ምላሴ ጫፍ ላይ አራት ተሰልፈው ነበር። አያ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዋሽ ማለቱ ነው። ጓዳውን አየሁ። ትርንጎ ምንም ምልክት አልሰጠችኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ትክክለኛ ኮፒ ስታወጣልኝ የኖረች ልጅ ናት።

ወድቄ ነው የኔታ አልኩ። ወር አልሞላኝም። ዝም ብዬ በስስ ሱሪ ስነዳ ነበር፣ ወደቅሁ፣ ፈራሁ። ዳግመኛ አልወድቅም ብዬ ልምልልዎ አልችልም፣ መንገዱ ጠጠር ነው። ብወድቅ ግን እንድነሣ ብዬ ያን ሱሪ አሠራሁ። የማይታጠፈው ደግሞ ሠሪው ኮርቻ ሠሪ ስለሆኑ፣ እንደ በቅሎ አቁመው ስለለኩኝ ነው።

መሪጌታ ተነሡ። ወደ በሩ ሄደው ሱሪውን ዞሩት። እኔ ላይ እንዳደረጉት በመቋሚያው መቱት፤ ቋ። እጃቸውን በወገቡ አስገብተው እስከ ጉልበቱ ደረሱና ስፖንጁን ጫን አደረጉት፣ ለቀቁት፣ ደግመው ጫን አደረጉት። ያቺን ጠፍጣፋ ድንጋይ አዩ። ሱሪውን አዩ። የገዛ ጉልበታቸውን አሻሹ። እዚያ ድንጋይ ላይ እንደዚያ ስታርፍ እውነት አላመመህም ብለው ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። በእናቴ እምላለሁ፣ ላባ ላይ ያረፍኩ ነው የመሰለኝ አልኳቸው።

ወደ አያ ሞላ ዞረው፣ እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ለሚቀጥለው እሑድ ይዘሃቸው ና፣ በደንቡ እንነጋገራለን፣ ልጁ ሰው ነው አሉት። ከጓዳው አንድ ነገር ወደቀ፤ ሰሐን ይመስለኛል። እትዬ ይርገዱ እልል ሊሉ ሲሉ መሪጌታ ገና ነው ብለው በእጃቸው ከለከሏቸው። እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ ጋቢውን አያ ሞላ ነው የያዘልኝ።

መሪጌታም ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ሚስታቸው እንዳይሰሙ ዞር ብለው አዩ፣ የተሰበረውንም ልጅ አልፈው ሄዱ፣ አጥሩ ጥግ ስንደርስ ቆሙ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። እሳቸው ግን አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠግተው፦

«ስቅለት ሳይደርስ ለእኔም አንድ አሠራልኝ፤ ከቀሚሴ ሥር የሚገባ ይሁን። ሰውዬውን ግን፣ እኔን ስሰግድ ይለካኝ በለው» አሉኝ።